እባብ አሳዳሪውና መዝገቡ

እባብ ሲባል የብዙ ሰው ልብ ይደነግጣል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ተረት እስከ ዛሬ የቆየው በከንቱ አይደለም፤ ሰው ከእባብ ጋራ ያለው ነገር ከጥንት ጀምሮ ፍርሃትና ዱላ ብቻ ነው። እንግዲህ እባብን በገዛ ቤቱ አስቀምጦ፥ እያሞቀና እያበላ፥ የትውልዱንም ሐረግ በመዝገብ እየጻፈ ዕድሜውን የፈጀ ሰው አለ ቢባል፥ የሚሰማው ሁሉ «ይህ ሰው አእምሮው ደኅና ነውን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ነገር ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች በአሜሪካና በአውሮጳ በብዙ ይገኛሉ። አብዛኞቹ እባብ የሚያሳድሩት ለመልኩ ውበትና ለገንዘብ ነው፤ ጥቂቶቹ ግን ሌላ ሥራ ይዘዋል፤ ያም ሥራ ቆም ብለው ሊመለከቱት የሚገባ ነው።

ከእነዚህ ከጥቂቶቹ አንዱን በዓይነ ልቡና መመልከት ይበቃል። ዕጣው ከእርሱ ጋራ አንድ የሆነ ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ስም ሳይጠራለት ለሁሉም ምሳሌ ሆኖ ይቁም።

ዕድሜው ሰባን ያለፈ፥ ሚስቱ የሞተችበት፥ በአሜሪካ አገር በአንዲት ታናሽ ከተማ የሚኖር ሰው ነው። እስከ ጡረታው ድረስ የቧንቧ ሠራተኛ ነበረ። ከቤቱ በስተ ኋላ አንዲት ክፍል አለችው፤ በውስጧም ፊታቸው መስተዋት የሆነ ሰባት ሣጥኖች በግድግዳው ዳር ተደርድረዋል። የእያንዳንዱ ሣጥን አንደኛው ጫፍ 31 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፥ ሌላው ጫፍ እስከ 26 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ እባብ ሰውነቱ የራሱን ሙቀት ስለማያመነጭ ሲበርደው ወደ ሙቁ፥ ሲሞቀው ወደ ቀዝቃዛው እየተሳበ ራሱን ያስተካክላል። ሽማግሌው ማታ ማታ እራቱን ከበላ በኋላ ወደዚህች ክፍል ይገባል፤ የውኃውን ሳሕን ይለውጣል፥ ቀኑ የመብል ቀን ሲሆን የሞተ አይጥ በመቆንጠጫ ይዞ ያቀርባል፥ የወለቀ ቆዳ ካለም አንሥቶ በመብራት ያየዋል። ይህን ሁሉ ከፈጸመ በኋላ በጠረጴዛው ፊት ይቀመጥና ጠርዙ የተበላ ደብተር ከፍቶ ይጽፋል።

በደብተሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ እባብ የራሱ ገጽ አለው። የተወለደበት ቀን፥ የበላው፥ ክብደቱ፥ ቆዳውን የጣለበት ቀን ተጽፏል። በገጹ ራስ ላይ ግን ከሁሉ የሚበልጡ ሦስት መስመሮች አሉ፤ እናት፥ አባት፥ አገር። ሽማግሌው ለሌላው ነገር ቸልተኛ ነው፤ ልጁ እንደምትመሰክርበት የቤቱን ግብር እንኳ በጊዜው አይከፍልም፤ ስለ እነዚህ ስለ ሦስቱ መስመሮች ግን ቀልድ አያውቅም።

«አገር» የሚለው መስመር ስለ ምን እንደ ተጻፈ ለማስተዋል ስለ እባቡ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ሽማግሌው የሚያሳድረው ቦአ የሚባለውን ነው፤ ይኸውም መርዝ የሌለው፥ የያዘውን በሰውነቱ ጠምጥሞ የሚገድል የአሜሪካ ክፍለ ዓለም ታላቅ እባብ ነው። በአፍሪካ ከሚገኘው ዘንዶ ጋራ በመልክ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ዘንዶ እንቁላል ሲጥል ቦአ ልጆቹን በሕይወት ይወልዳል። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔ በ1758 ቦአ ኮንስትሪክተር ብሎ ስም አወጣለት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) ከሜክሲኮ እስከ አርጀንቲና ድረስ፥ በጥቅጥቅ ደን፥ በደረቅ ቁጥቋጦ፥ በባሕር ደሴትም ይኖራል። አገሩ እንዲህ የሰፋ ስለ ሆነ መልኩም አንድ አይደለም። ከሱሪናም የሚመጣው ጅራቱ እንደ ደም ቀይ ነው፤ በአርጀንቲና ቆላ የሚኖረው ጠቆር ያለ ሆኖ ሰውነቱ መረብ የተጣለበት ይመስላል፤ በፔሩ ሰሜን ቱምቤስ በሚባለው አገር የሚገኘው ጅራቱ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ በዶሚኒካ ደሴት ያለው ደመና እንዳጠላበት ነው። ሊቃውንቱ አንዱን «ራሱን የቻለ ነገድ ነው»፥ ሌላውን «የዚያው ወገን ነው» እያሉ ይከራከራሉ፤ የመካከለኛውን አሜሪካ ቦአ ብዙዎቹ ዛሬ ለብቻው ለይተው ቦአ ኢምፔራቶር ይሉታል። እባቡ ግን የሊቃውንቱን ክርክር ፍጻሜ ሳይጠብቅ በየአገሩ በየመልኩ ሲኖር ብዙ ዘመን አሳልፏል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቁት የደሴት ወገኖች ናቸው። ከሆንዱራስ የባሕር ዳር ራቅ ብለው ካዮስ ኮቺኖስ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ ስሙ በእስፓንያ ቋንቋ የዐሳማ ደሴቶች ማለት ነው። ሁለቱ ኮረብታማና ደን የለበሱ ናቸው፤ የቀሩት 13ቱ ከውኃው ጥቂት ብቅ ያሉ ታናናሽ የአሸዋ ደሴቶች ናቸው፤ ጋሪፉና የሚባሉ ዓሣ አጥማጆች ከእነርሱ ጋራ ኑሯቸውን አያይዘዋል። በሁለቱ ደናማ ደሴቶች የሚኖረው ቦአ በየብስ ካለው ዘመዱ በቁመት ያንሳል፤ በመልኩም ጥቁረቱ ደብዝዞ ወደ ሐመርና ወደ ሮዝ ያደላል። ቀለሙም ጸንቶ አይቆምም፤ በቀንና በሌሊት ይለዋወጣል። በቀን ተራ አመድ መስሎ የታየውን እባብ ሽማግሌው ማታ መብራት ይዞ ሲገባ ሌላ ልብስ ለብሶ ያገኘዋል። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው ይህን ማየት ከጀመረ፤ እስከ ዛሬ ግን አልሰለቸውም።

አንዳንድ ሰው «በደሴት ላይ ምግብ ስላነሰው ቀጭጮ ነው እንጂ ቢጠግብ ያድግ ነበር» ይል ይሆናል። ይህ ነገር በሌላ የደሴት ቦአ ተፈትኗል። በቤሊዝ አገር ከሚገኙት ደሴቶችና ከየብሱ የመጡ የቦአ ልጆች በአንድ ዓይነት ቤት፥ በአንድ ዓይነት መብል አብረው እንዲያድጉ ተደረገ፤ የደሴቶቹ ልጆች ከየብሶቹ አንሰው ቀሩ፤ በ2007 የታተመው ጥናት ይህን አስረዳ። ስለዚህ ማነሳቸው ከረኃብ ብቻ የመጣ ሳይሆን በዘር የሚወረስ ነው። እንዲህ ያለው ወገን አንድ ጊዜ ከጠፋ ወይም ከሌላ ደም ጋራ ከተቀላቀለ፥ ማንም ሰው በገንዘብም ሆነ በጥበብ ተመልሶ ሊሠራው አይችልም።

የዐሳማ ደሴቶች ቦአ በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ እባብ ወዳጆች ዘንድ ስሙ ገነነ። ትንሽ ስለ ሆነ ለቤት ይመቻል፥ መልኩ ያማረ ነው፥ ጠባዩ ገር ነው ተባለ። ከዚህም የተነሣ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከደሴቶቹ እየተለቀመ በብዛት ተጫነ። ሰው በአንድ ቀን በእግሩ ሊዞረው ከሚችለው ቦታ ያን ያህል እባብ ሲወጣ ምን እንደሚቀር ማሰብ አያዳግትም። ጥቂት ዓመታት አለፉና የሚለቀመው አነሰ፤ ብዙ ሰዎችም በአገሩ አለቀ ብለው አመኑ። ደሴቶቹ ጥብቅ ቦታ የሆኑት በ1993 ነው።

ሽማግሌው የመጀመሪያዎቹን ሁለት እባቦች የገዛው በ1986 ነበረ። በዚያን ጊዜ ጎልማሳ ነው፤ በአንድ የእንስሳ መሸጫ ሱቅ መስተዋት ውስጥ አያቸውና የሳምንት ደመወዙን አውጥቶ ወሰዳቸው። ሻጩ የሰጠው ደረሰኝ ላይ የደሴቶቹ ስም ተጽፎ ነበረ፤ ያን ደረሰኝ እስከ ዛሬ በደብተሩ መጀመሪያ ላይ ለጥፎ ይዞታል። ከዓመታት በኋላ በአንድ መጽሔት የደሴቶቹን መራቆት ሲያነብ ግን ደስታው ተለወጠ። የለቀሙት ሰዎች የለቀሙት ገዢ ስለ ነበራቸው ነው፤ ከገዢዎቹም አንዱ እርሱ ነው። ይህን ለማንም አላወራም፤ ለሚስቱ ብቻ ነገራት፤ እርሷም «እንግዲህ የያዝከውን በደንብ ያዝ» አለችው። ደብተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ የተጻፈ ነው።

በነገራችን ላይ፥ በ2000ዎቹ ዓመታት ተመራማሪዎች ወደ ደሴቶቹ ሄደው ቦአዎቹን እየያዙ፥ ምልክት እያደረጉ፥ እየለቀቁ ቢቆጥሩ፥ እባቡ ከተፈራው በላይ በብዙ ተገኘ። ሰው እጁን ሲሰበስብ ተፈጥሮ ራሷን ልትጠግን እንደምትችል ይህ አንድ ማስረጃ ነው። ሽማግሌው ወሬውን ሲሰማ አለቀሰ ይባል ይሆናል፤ አላለቀሰም፤ በደብተሩ ጠርዝ ላይ ቀኑን ጻፈና «አሉ» የሚል አንድ ቃል ጨመረበት።

በእባብ አርቢዎች መካከል የሚበዛው ወገን ሌላ ነው። እነዚህ ስለ አገሩ አይጨነቁም፤ የሚሹት አዲስ መልክ ነው። አልፎ አልፎ ጥቁሩ ቀለም ፈጽሞ የጎደለው፥ ነጭና ብጫ የሆነ ቦአ ይወለዳል፤ ሌላው ቅላቱ ይበዛል፤ የሌላው ዝንጉርጉርነት ተሰርዞ ረጅም መስመር ይሆናል። አርቢው የተሰወረው ባሕርይ እንዲገለጥ ልጅን ከወላጁ፥ እኅትን ከወንድሟ ጋራ ያዳቅላል፤ ለሚወለደውም እንደ ጌጥና እንደ ሽቱ ያለ ስም ያወጣለታል፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። እነዚህ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ እባቦቻቸውን በደንብ ያበላሉ፥ ከዱርም የሚያስለቅሙት ጥቂት ነው። ነገር ግን የዐሳማ ደሴቶች ቦአ ሐመር መልኩ ስለ ተፈለገ ከየብስ ቦአ ጋራ ተዳቀለ። ከክልሶቹ አንዳንዶቹ የደሴት ዘመዳቸውን እጅግ መስለው ይወጣሉ። እንዲህ ያለው እባብ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ፥ በመጀመሪያው ሽያጭ ወረቀቱ ይጠፋል፤ በሁለተኛው «የደሴት ሳይሆን አይቀርም» ይባላል፤ በሦስተኛው ሻጭ ዘንድ «ንጹሕ የደሴት ነው» ይሆናል። በዚህ ውስጥ ምናልባት አንድም ሰው ዐውቆ አልዋሸ ይሆናል፤ ስሙ ግን ተሰርቋል።

«መዝገብ ይህን ያህል ምን ይጠቅማል?» ለሚል ሰው፥ ቢዞን የሚባለው የአውሮጳ የዱር በሬ ታሪክ መልስ ይሰጠዋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በፖላንድ በቢያሎቪዬዛ ደን የነበረው በጥይት አለቀ፤ በካውካስ ተራራ የነበረውም የመጨረሻው በ1927 ጠፋ። በየአራዊት ማቆያው የቀሩት ንጹሖች ከ60 ያነሱ ነበሩ፤ ከአሜሪካው ቢዞን ጋራ የተዳቀሉ ክልሶችም በአጠገባቸው ነበሩ። በ1923 ማኅበር ተቋቋመና ንጹሑን ከክልሱ ለይቶ ሐረጉን መቁጠር ተጀመረ፤ የመጀመሪያው የዘር መዝገብ በ1932 ታተመ። ዛሬ ያለው ቢዞን ሁሉ የተገኘው 12 ብቻ ከሆኑ ወላጆች ነው፤ በ1952ም ከማቆያው ወጥቶ በቢያሎቪዬዛ ደን ውስጥ በነጻ ተለቀቀ። በዚያ ሥራ ላይ ከበሬዎቹ ያላነሰ የደከመው ወረቀቱ ነው። የቦአ አሳዳሪዎች ግን አብዛኞቹ እንዲህ ያለ የጋራ መዝገብ የላቸውም፤ እያንዳንዱ የራሱን ደብተር ይዞ ይኖራል፥ ሲሞትም ደብተሩ ከአሮጌ ዕቃ ጋራ ይጣላል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ነገር እንመለስ። በ1986 ከተገዙት የመጣች አንዲት እንስት የልጅ ልጅ አለችው፤ የተወለደችው በ2014 ነው። የእርሷ ባል ሆኖ የቆየው፥ አባትና እናቱ የታወቁ፥ ከሌላ አሳዳሪ የመጣ ወንድ ባለፈው ክረምት ሞተ። ቦአ ዕድሜው ረጅም ነው፤ በፊላደልፊያ የአራዊት ማቆያ አንዱ 40 ዓመት ከ3 ወር ኖሮ በ1977 ሞቷል፤ የእንስቲቱ የመውለጃ ዘመን ግን እስከ መጨረሻ አይዘልቅም። የሽማግሌውም ዘመን እንደዚያው ነው። ሌሎቹ በሣጥን ያሉት ወንዶች ወንድሞቿና ልጆቿ ናቸው።

በመከር ወራት አንድ ነጋዴ መጣና አንድ ወንድ አሳየው። መልኩ የሮዝ አበባ ይመስላል፥ አይቆጣም፥ በሌሊትም ይፈካል። «የደሴት ነው፤ ወረቀቱ ጠፍቶ ነው እንጂ» አለ ነጋዴው። ሽማግሌው እባቡን በክንዱ ላይ ጠቅልሎ ብዙ ጊዜ ቆየ። ጭንቅላቱን አየ፥ በጀርባው ላይ ያሉትን ምልክቶች ቆጠረ፥ ጅራቱን አየ። እንከን አላገኘበትም። ለአንድ ሳምንት እንዲያስብ በሰባተኛው ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው።

እሑድ ዕለት ልጁ ልትጠይቀው መጣችና ነገሩን ሰማች።

«አባባ፥ እባቡን ወደውታል» አለችው። «አገሩን ጽፈው ቢያዳቅሉት ማን ያውቅብዎታል?»

«ማንም አያውቅብኝም» አላት።

«እንግዲያው ምን ያስጨንቅዎታል? ካልወለደች ዘሯ ሊጠፋ ነው ብለው ሲያዝኑ አልነበረም?»

«እርሱ ነው ያስጨነቀኝ፥ ልጄ። ባላዳቅላት ይጠፋል። ባዳቅላት ግን መጥፋቱ እንኳ አይታወቅም።»

ልጅቱ ነገሩ አልገባትም፤ ቡናዋን ጠጥታ ሄደች። ይህ ፍርድ በእውነት ከባድ ነው፤ ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው በቀላሉ «እንዲህ ያድርግ» ሊል አይገባም። ያልታወቀው ወንድ የደሴት ሆኖ ቢገኝ፥ ሽማግሌው በግትርነቱ ጥሩ ደም አባከነ ማለት ነው። ዘመድ ከዘመድ ቢያዳቅልም፥ ትውልዱ እየደከመ እንደሚሄድ ከብት የሚያረባ ሁሉ ያውቃል።

ይህን ያህል የሚጨነቀው አንድ ቀን ልጆቿን ወደ ደሴታቸው ሊመልስ አስቦ ነው የሚል ቢኖር፥ ተሳስቷል። ብዙ አሳዳሪዎች «ዘሩን የምናድነው እኛ ነን» ብለው ይመካሉ፤ ይህን ቃል ግን ሳይመረምሩ መቀበል አይገባም። ከሞሪሸስ በስተ ሰሜን ክብ ደሴት የምትባል ታናሽ ደሴት አለች። በ19ኛው መቶ ዓመት ፍየልና ጥንቸል ተለቀቁባትና ዛፏን በልተው አፈሯን አሳጠቡት። በዚያች ደሴት ሁለት ዓይነት እባቦች ቀርተው ነበረ፤ ሊቃውንት ከእውነተኛው ቦአ ለይተው ቢቆጥሯቸውም በልማድ ቦአ ይባላሉ። አፈር ቆፋሪው በ1975 ለመጨረሻ ጊዜ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ የለም። ሁለተኛውን የጄራልድ ዳረል ሰዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ጀርዚ ደሴት ወስደው አሳደሩት፤ በ1982ም በዚያ ተራባ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ፍየሎቹ በ1979፥ ጥንቸሎቹም በ1986 ከክብ ደሴት ከጠፉ በኋላ ሣሩና ዛፉ ማገገም ጀመረ፥ እባቡም በገዛ አገሩ በረከተ። በ2012 60 ያህሉ ወደ ጎረቤት ደሴት በተዛወሩ ጊዜ የተወሰዱት ከዚያው ከክብ ደሴት እንጂ ከጀርዚ ሣጥን አይደለም። ሣጥኑ መያዣ ሆነ፤ ያዳነው ግን ፍየሉንና ጥንቸሉን ያስወጣው እጅ ነው።

ከዚህም ሌላ በሣጥን ያደገ ቦአን ወደ ደሴት መልሶ መልቀቅ አደገኛ ነው። የቦአን ነርቭ የሚያናጋ፥ በመጨረሻም የሚገድል አንድ በሽታ አሳዳሪዎችን ለብዙ ዓመታት ሲያስጨንቅ ቆይቷል፤ በ2012 በካሊፎርንያ ያሉ ተመራማሪዎች ከበሽታው ጋራ የተያያዘ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ቫይረስ አገኙ። ቦአ ይህን በሽታ ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊሸከመው ይችላል። እንግዲህ በፍቅር የተለቀቀ አንድ እባብ በደሴት ያሉትን ሁሉ ሊፈጅ ይችል ይሆናል። ሽማግሌው ይህን ያውቃል፤ ከእባቦቹ አንዱም የአያቶቹን አገር እንደማያይ ቁርጡን ካወቀ ቆይቷል።

እንግዲያውስ ለምን ይደክማል? በ1998 ሚች የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሆንዱራስን ሲያጠፋ ሽማግሌው ሌሊቱን ሙሉ ሬዲዮ ሲሰማ አደረ። በሁለት ደሴቶች ብቻ የሚኖር ወገን አንድ ማዕበል፥ አንድ ቃጠሎ፥ አንድ ሌባ ሊጨርሰው ይችላል። ያ ቀን ቢመጣ፥ ያ እባብ ምን ይመስል እንደ ነበረ፥ ቁመቱ እስከ ምን እንደ ነበረ፥ ልጆቹን ስንት አድርጎ ይወልድ እንደ ነበረ፥ በሕያው ሥጋ የሚመሰክር አንድ ነገር በአንድ ክፍል ውስጥ ይኖራል። ምስክሩ የሚታመነው ግን ማን እንደ ሆነ ከታወቀ ብቻ ነው። ደግሞም በቤት የተወለደና ሐረጉ የታወቀ እባብ በሞላበት ገበያ፥ ከዱር የሚለቅመው ሰው ትርፉ ይቀንሳል። (የአገሩ ስም ዋጋ ባወጣ ቁጥር ሌባውንም ሊያስጎመጅ ይችላል የሚሉ አሉ፤ እነርሱም ከእውነት አልራቁም።)

ሳምንቱ ሲፈጸም ነጋዴው መጣ። ሽማግሌው ያን ሮዝ የመሰለ ወንድ በከረጢት አድርጎ መለሰለት። ነጋዴው ተቆጥቶ «እንዲህ ያለ አታገኝም» አለ፤ ሽማግሌውም «ልክ ነህ» አለው።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። በአውሮጳ አንድ ሰው ዘሩ የታወቀ ወንድ እንዳለው መለሰለት፤ ነገር ግን የዱር እንስሳትን ንግድ በሚገዛው የዓለም ስምምነት መሠረት ቦአ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር አይሻገርም፤ ወረቀቱም ጊዜ ይፈልጋል። በመጨረሻ በዚያው በአሜሪካ፥ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ፥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደብተር የያዘች አንዲት ሴት ተገኘች። የእርሷ ወንድ ግን አርጅቷል፥ መንገድም አይችልም። እንስቲቱ ትምጣ አለች፤ ከሚወለዱትም ሁለቱን እመልሳለሁ፥ እናቲቱ ግን ለሌላ ዓመትም እንድትሞከር እዚሁ ትቆይ ብላ ጻፈች።

ሽማግሌው በዚህ ላይ ብዙ ቀን አመነታ። ያች እባብ ከሚስቱ ሞት በፊት የተወለደች ናት፤ የመጀመሪያ ቆዳዋን የጣለች ዕለት ገጿን የጻፈችው ሚስቱ ነበረች። በመጨረሻ የደብተሩን ገጽ በእጁ ገልብጦ፥ ዋናውን አስቀርቶ፥ ግልባጩን ከእባቢቱ ጋራ በሣጥን አድርጎ በመኪናው ጭኖ ራሱ አደረሳት። በመንገድ ሁሉ የመኪናውን ማሞቂያ እንደ ከፈተ ነበረ፤ ሲደርስ ላብ አጥምቆታል።

የቦአ እርግዝና ረጅም ነው። ከተዳቀለች በኋላ ብዙ ወር ይፈጃል፤ አርቢዎቹም እንቁላሉ ከተለቀቀ በኋላ የምትጥለውን ቆዳ ጠብቀው ከዚያ ቀን ጀምሮ 105 ቀን ያህል ይቆጥራሉ። ሴትዮዋ ቆዳው የወለቀበትን ቀን ጽፋ ላከችለት። ሽማግሌው በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አደረገ፤ እጁ ግን በዚያ ዓመት መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበረና ምልክቱ ከሁለት ቀን ላይ አረፈ።

በ109ኛው ቀን መልእክት መጣ። 14 ተወለዱ፤ 2ቱ ሞተዋል፥ 12ቱ ሕያዋን ናቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፥ የመጀመሪያ ቆዳቸውን ጥለው መብላት ሲጀምሩ፥ ሁለቱ በሰባተኛው ሣጥን ውስጥ ገቡ። እሑድ ልጁ በመጣች ጊዜ ደብተሩን አቀረበላትና እርሱ እንዲነግራት እርሷ እንድትጽፍ ለመናት። እናት የሚለውን ጻፈች። አባት የሚለውን ከሴትዮዋ ደብዳቤ እያየች ጻፈች። ቀጥላ ብዕሯን አንሥታ፥

«አገር በሚለው ላይስ?» አለችው።

«ካዮስ ኮቺኖስ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ከዚያ ባለፈው ጊዜ ያጫወታትን አስታውሳ «ደናማዎቹ ደሴቶች ሁለት ናቸው ብለውኝ አልነበረም? ከየትኛው ነው?» አለችው።

ሽማግሌው ወደ መጀመሪያው ገጽ ገልብጦ የ1986ቱን ደረሰኝ አየ። የደሴቶቹ ስም በጠቅላላው እንጂ የአንዷ ስም ለብቻው የለበትም።

«ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም ብለሽ ጨምሪበት» አላት፤ ጨመረችበት።